ጽጌን ትምህርት ቤት ያስገባሁ ቀን የዋሸሁት ውሸት

ስሙማ! ይሄን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አሁንም "እማማ በላይነሽ" ብላችሁ የምታከብሩኝ ከሆነ፣ የእውነት ደግ ሰዎች ናችሁ።

ዛሬ ጉዴን በራሴ አፍ ላወጣ ነው!

መጀመሪያ እንተዋወቅ። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ጽጌ ትተይባለች። ዓይኔ ደክሟል ብያታለሁ። ጽጌ ራሷ ጡረታ የወጣች ሴትዮ ናት፤ እኔ ግን አሁንም "ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ" እላታለሁ። ፌስቡኩንም የከፈተችልኝ እሷ ናት። ሰው ወሬዬን ይወደዋል፣ ላይኩም አይጠፋም፣ ተመስገን።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። የጽጌ ልጅ ለትንሿ ልጇ ኬጂ እየመረጠች ነው። አንዱ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ኢንተርቪው አለው። ሌላኛው "ልጅዎ ዝግጁ ናት ወይ?" የሚል ሦስት ገጽ ፎርም አለው። ቀለም ትለያለች? ብቻዋን ሽንት ቤት ትሄዳለች? ከእናቷ ስትለይ ታለቅሳለች?

ቤቱ በሙሉ በጭንቀት ሊሞት ነው!

እኔ ሳቄ መጣ። "በኛ ጊዜ አንድ ፈተና ብቻ ነበር" አልኳቸው። "እሱንም ጽጌን ላሳልፍ ብዬ ያየሁትን አበሳ ብታውቁ!" ይሄኔ ጽጌ ስልኳን አውጥታ "ፖስት እናደርገዋለን እማዬ፣ ተናገሪ" አለች።

ተናገሪ አለችኝ እንግዲህ። ራሷ ናት ያመጣችው።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ያለነው ጋምቤላ ነው። ባለቤቴ ታፈሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የግምሩክ ጸሐፊ ነበር። ከጎሬ ተዛውሮ ሲወርድ እኔን አስከትሎ ወረደ፤ ጽጌን እዛው ወለድኳት።

ሙቀቱን አታንሱብኝ! ጎሬ ጋቢ ለብሼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት እርጥብ ነጠላ ጭንቅላቴ ላይ ጥዬ ነው ያሳለፍኩት።

ጎረቤቴ አጁሉ ትባላለች። የአኙዋክ ሴት፣ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ግን አንድ ቃል አይባክንባትም። ልጇ አሪየት ከኔዋ ጽጌ ጋር እኩያ ናት። ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ አይለያዩም። ጽጌን ለምሳ ስጠራ አሪየት አብራ ትመጣለች፣ አጁሉ አሪየትን ለእራት ስትጠራ የኔዋ ቀድማ ተቀምጣ ትገኛለች።

ጽጌ አምስት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት መግባት አለባት። ግን የት?

ታፈሰ "ቄስ ትምህርት ቤት" አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ መሪጌታው አለንጋቸውን ይዘው።

እኔ "ሚሽን" አልኩ።

ሚሽን የምንለው ፈረንጆቹ ባሮ ዳር የከፈቱትን የክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር አለው። መስኮት አለው። ሥዕል ያለው መጽሐፍ አለው! አጁሉም አሪየትን የምታስገባት እዛ ነው።

ታፈሰ እሳት ጎረሰ። "ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው? የነፍስ አባታችንን በምን ዓይኔ ላያቸው? የኔ ልጅ በአኮርዲዮን ልትዘምር!"

እኔ ደግሞ የምፈልገው ነገር ሲኖር ታፈሰን "አንቱ" እለዋለሁ። በሌላው ቀን "አንተ" ነው። "እርስዎ እኮ የተማሩ ሰው ነዎት፣ እርስዎ ያላወቁ ማን ሊያውቅ ነው?" አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አንቱ ስለው ከረምኩ። በአራተኛው ቀን እጁን ሰጠ።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው!

ማተቧ ከአንገቷ አይወርድም። የሰጧትን ሁሉ አትበላም፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ። ማንም ምንም ቢሰጣት "ፆም ነኝ" ትበል። ታፈሰ ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ያቆማትና "ምን ትያለሽ?" ይላታል። "ፆም ነኝ!" ትላለች። "ጎበዝ!"

የአምስት ዓመት ልጅ ምን ፆም አለባት ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ። ታፈሰን ጠይቁት፤ እሱ ደግሞ የለም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ሚሽን ያልኩት ለጽጌ ብቻ ብዬ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ልብስ ላጥብ ብዬ ባሮ እወርዳለሁ። የትምህርት ቤቱ አጥር እዛው ወንዙ አጠገብ ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥሩ ይሰማል። እነሱ እስኪጨርሱ አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጥበዋለሁ። ልብሱ አለቀ እኮ! ታፈሰ "ይሄ ሸሚዝ ምን ነካው?" ሲል "የባሮ ውሃ ነው" እለዋለሁ።

ውስጤ ይቃጠል ነበር። እዛ አግዳሚ ላይ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ብቀመጥ ብዬ ስንቴ ተመኘሁ መሰላችሁ።

ምክንያቱም እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ወንድሞቼ ሲማሩ እኔ ውሃ እቀዳ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርኩ። ያኔም ማንበብ አልችልም፣ ዛሬም አልችልም። የደከመው ዓይኔ አይደለም።

ጽጌ መተየቧን አቆመች።

ምን ሆንሽ? ጻፊ እንጂ! አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ ከዚህ ወዲያ መመለስ የለም።

እሺ፣ ቀጠለች። አታየኝም ግን።

ወደ ፈተናው ልመለስ። ዕድሜያችሁ የገፋ ታውቁታላችሁ። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በኛ ጊዜ የት ነበርና! ልጁ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይይዛል። ከደረሰ ለትምህርት ደርሷል። ካልደረሰ "ለዓመት ተመለስ" ይባላል።

ጽጌን ሞከርኳት። ሁለት ጣት ጎደላት!

አሪየትን ሞከርኩ። አሪየት ጆሮዋን አልፋ ጉንጯን ያዘች። እጇ እንደ እናቷ ረጅም ነው።

ለሁለት ጣት ብላ ልጄ ዓመት ሙሉ ከአሪየት ልትለይ? እኔስ ዓመት ሙሉ ያንን ሸሚዝ ልፈትግ?

ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት ክንዷን በቅቤ አሽቼ እስባለሁ። ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጥላታለሁ። "ያዢ! እስከ አሥር ያዢ!" አሥር ድረስ መቁጠር እችል ነበር፣ ያን ያህል አትናቁኝ።

አጁሉ በአጥሩ በኩል ቆማ ስታየን ቆየች።

"የጽጌ እናት" አለች። "ልጅ ምን አጠፋች?"

"ምንም! እጇን እያስረዘምኩ ነው።"

አሰበችበት። "እግርስ?" አለች፣ አንዲት ጥርስ ሳታሳይ። እስክትዞር ጠብቃ እንደሳቀች ትከሻዋ አሳበቀባት።

በሁለት ሳምንት የተገኘው ለውጥ ግማሽ ጣት ነው። እሱም ቅቤው አንሸራትቶት ይሆናል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ማጭበርበር ገባሁ። "ጽጌዬ፣ መምህሩ ፊት ስትቀርቢ አንገትሽን ወደ ጎን ሰበር፣ ትከሻሽን ከፍ፣ ከዛ ጆሮሽን ያዝ!" ተለማመድን፣ ተለማመድን። ደረሰ!

የምዝገባው ቀን ረቡዕ ነበር።

እኔ ሀገር ልብሴን ከነመቀነቱ ግጥም አድርጌ ለብሻለሁ። በዛ ሙቀት! ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰልፉ ዛፍ ሥር ነው፤ አጁሉና አሪየት ከፊታችን ናቸው። የሚመዘግበው መምህር ኦሞድ ነው፤ የአኙዋክ ሰው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አማርኛው ከታፈሰ ይበልጥ የጠራ።

አሪየት በአንድ ደቂቃ አለፈች። ተራው የኛ ሆነ።

ጽጌ ማንም ምንም ሳይላት አንገቷን ሰበረች። ትከሻዋን ሰቀለች። እጇን በራሷ ላይ አዙራ ጆሮዋን ጨበጠች። እንደዛው ሆና ቀረች!

መምህር ኦሞድ ቀና ብሎ አያት። አዘነላት።

"ወይዘሮ፣ የታመመ ልጅ በዛ በኩል ነው። ክሊኒኩ ያ ቀዩ በር ነው።"

"አልታመመችም!"

"አንገቷን ምን ነካት ታዲያ?"

"ምንም አልነካትም! ጆሮዋን ይዛለች፣ ደርሳለች ማለቴ ነው!"

ገባው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እሱን ፈተና ትተነዋል ወይዘሮ" አለኝ። "ለደጋ ልጅ የተሠራ ነው። እዚህ አገር በጆሮ ካስገባን የሦስት ዓመቱም ይገባል፣ እጃቸው ቶሎ ይደርሳል።"

ትተነዋል!

ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄን ማንጎ ላይ የሰቀልኳት ለምንድን ነው?

ሰልፉ ከኋላዬ መሳቅ ጀምሯል። መምህር ኦሞድ ግን ወደ ጽጌ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት።

"ስምሽ ማነው?"

"ፆም ነኝ!"

"እሺ። አባትሽስ ማን ይባላሉ?"

"ፆም ነኝ!"

"እዚህ ሰፈር ነው ቤታችሁ?"

"ፆም ነኝ!"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! መምህሩ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ከመሳቢያው አንድ ብስኩት አወጣና "እንኪ፣ ጎበዝ ነሽ" ብሎ ዘረጋላት።

አሁን ነው ቃሉ የሚያስፈልገው! ጽጌ ብስኩቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ጎረሰችው።

ረቡዕ ቀን! ከነማተቧ! ታፈሰ ይሄን ሳያውቅ ነው የሞተው።

ቀጥሎ ትንሽዬ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ሰጣት። "ያሰኘሽን ጫሪበት" አላት። ጽጌ ጠመኔውን ያዘችና አሸተተችው። ብስኩት መሰላት መሰለኝ። "ኧረ እንዲህ ነው የሚያዘው" ብዬ ላሳያት ጎንበስ አልኩ።

ከዛ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጠመኔው እኔ እጅ ገባ።

መስመር አሰመርኩ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ሌላ ጨመርኩበት። አንድ ክብ አደረግኩ። በሕይወቴ ጠመኔ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ! ሰልፉን ረሳሁት፣ ሙቀቱን ረሳሁት፣ ልጄንም ረሳኋት።

"ወይዘሮ" አለ መምህር ኦሞድ። "ጠመኔውን ለልጅቷ ይስጧት።"

አሁንስ ሰልፉ በሙሉ ነው የሳቀው። አንዷ እንደውም እያጨበጨበች።

የቀረው አንድ ነገር ነው አለ። ልጅቷን ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ ዞር ሳልል ከግቢው እንድወጣ። ካላለቀሰች ደርሳለች፣ ካለቀሰች ለሚቀጥለው ዓመት።

አስቀመጥኳት። አሪየት ቦታ ይዛላት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው መሬት የማይደርስ እግራቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ።

ወጣሁ። ተመለስኩ፣ "ንፍጧን ልጥረግላት" ብዬ። ወጣሁ። ተመለስኩ፣ "ውሃ ጠምቷት እንዳይሆን" ብዬ። ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ምክንያት አልቆብኝ በሩን ይዤ ቆምኩ። ጽጌ አላየችኝም። እኔም እሷን አላየሁም። የማየው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ነበር።

መምህር ኦሞድ ከኋላዬ መጣ። "ልጅቷ ደርሳለች" አለ ጮክ ብሎ። "ከእናቱ አልለይ ያለ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ከክፍሉ አልለይ ያለች እናት ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!"

ሳቁ! ሳቁ! አጁሉ እንኳን ሳቀች።

እሱ ግን ሊያዋርደኝ አልነበረም። ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና "ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእናቶች ክፍል አለን" አለኝ። "ፊደል እናስተምራለን። ይምጡ። ቢመጡ ደስ ይለናል።"

ወገኖቼ፣ ለዛች ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ነበር የጠበቅኩት። "እሺ" ማለት ነበር። ሁለት ፊደል ናት አሉ።

ግን ሁሉም ያየኛል። የተሳቀብኝ ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ አለ። የግምሩክ ጸሐፊ ሚስት ነኝ፣ መቀነቴን አስሬያለሁ። እልህ ያዘኝ።

"እኔ?" አልኩ፣ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ። "እኔማ ጎሬ ተምሬ ጨርሻለሁ!"

ይኸው ነው ውሸቱ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ኖርኩ።

መምህር ኦሞድ ግራ ገባው፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። አጁሉ ከአጠገቤ እጇን አወጣች። "እኔ አልተማርኩም" አለች፣ በቃ እንዲሁ፣ ሰዓት እንደምትናገር ሰው። "እኔ እመጣለሁ።"

መጣችም። ማክሰኞና ሐሙስ ሰሌዳዋን ብብቷ ሥር ይዛ በደጄ ታልፋለች። እኔ በመስኮት አያለሁ።

ሲብስ ደግሞ ከትምህርት ስትመለስ ወደኔ ትገባለች። የተማርኩ ነኛ! ሰሌዳውን ታሳየኝና "የጽጌ እናት፣ ልክ ነው?" ትለኛለች።

"በጣም ልክ ነው!" እላለሁ። "ጎበዝ! ይቺን ብቻ ትንሽ አሳምሪያት።" የትኛዋን እንደሆነ እኔም አላውቅ!

መምህር ኦሞድም አልተወኝም። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር "ወይዘሮ በላይነሽ የተማሩ ስለሆኑ ከዳዊት አንድ ምዕራፍ ያንብቡልን" ይላል። ምን ልበል? ወባ ያዘኝ እላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጋምቤላን ሰው በሙሉ የሚበቃ ወባ ያዘኝ። ክሊኒኩ የሰጠኝን ኪኒን ብዛት አልነግራችሁም።

ጽጌ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አስተማሪ መሆን ነው ጨዋታዋ። ማንጎዎቹን በመስመር ትደረድራቸዋለች፣ በእንጨት እየጠቆመች ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። አንድ ቀን ወደ ማድቤት መጥታ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"እማዬ፣ ነይ ተማሪ ሁኚልኝ።"

መቀመጥ ብቻ ነበር። ማንም አያየኝም። ግን ከልጄ ብሳሳትስ? አለማወቄን ብታውቅብኝስ? "ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ!" ብዬ ገፋኋት። ወደ ማንጎዎቿ ተመለሰች። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ በጆሮዬ ተከተልኳት፤ "ለ" ላይ ስትደርስ ለቅሶዬ መጣና ተውኩት። የሽንኩርቱ ነው ብላችሁ እለፉት።

ከዛ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወደ ጎሬ ተመለሱ ተባልን።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ቤቱ በሰው ተሞላ። ዕቃ የሚያስር፣ የሚሰናበት፣ "ይሄን አልጋ ትሸጡታላችሁ?" የሚል። አጁሉ በሰው መሃል መጣችና የታጠፈች ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ጻፍኩ" አለች። "የመጀመሪያ ደብዳቤ። ለአንቺ።"

ፊቷ ያበራ ነበር። እንደዛ ስትኮራ አይቻት አላውቅም። ወረቀቷን ዘረጋሁ። ዓይኔን ከላይ ወደ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር አመላለስኩት፣ ታፈሰ ጋዜጣ ሲያነብ እንደሚያደርገው። ፈገግ አልኩ።

"አነበብሽ?"

"አነበብኩ! በጣም ነው ያማረው!"

"እሺ?" አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"እሺ!" አልኳት።

ደስ ብሏት ሄደች። ወረቀቷን ጡቴ ሥር ወሸቅኩና ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ። ማታ ለታፈሰ ላስነብበው ብዬ ነበር፤ ከድካሙ ብዛት ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በራችን ላይ ቆመ፣ ተጫንን፣ ሄድን። ጽጌ ወደ ኋላ እያየች "አሪየትስ?" ትላለች። የአጁሉ በር ዝግ ነው። እኔም አዝኛለሁ እኮ! ቻው እንኳን ሳትለኝ አልኩ።

ጎሬ መንገድ ላይ ወዳለችው ቡሬ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ወረቀቷ ትዝ አለችኝ። አውጥቼ ለታፈሰ ሰጠሁት። በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸ አነበበልኝ።

"የጽጌ እናት። ቤት ውስጥ ሰው ብዙ ነው። ነገ ጠዋት ከመኪና በፊት ልብስ የምታጥቢበት ቦታ ከአሪየት ጋር እጠብቃለሁ። እዛ እንሰናበት። እሺ በዪኝ። አጁሉ።"

እሺ ብያታለሁ። በአፌ እሺ ብያታለሁ!

"መልሰኝ!" ብዬ ሾፌሩን ጮኽኩበት። ታፈሰ "መኪናው የኛ አይደለም በላይነሽ፣ የሰው ጭነት አለበት" አለኝ። አቀፈኝ። ባሮ ዳር ቆመው እስከ ስንት ሰዓት እንደጠበቁን አላውቅም። ፀሐዩ ከፍ እስኪል ይሆናል። አሪየት ስንቴ "መቼ ነው የሚመጡት?" እንዳለቻት አላውቅም።

ጽጌ "አሪየት ለምን አልመጣችም?" አለችኝ።

"ተኝታ ነው" አልኳት።

ያው ነው። ለልጄ የነገርኳት ይሄን ነው።

ከዛ በኋላ መልስ ልጽፍላት አልችልም። ታፈሰን አስጽፌ ልላክ ብል "ተምሬያለሁ ብዬ ዋሽቼሽ ነው" ልላት ነው። ዛሬ ነገ ስል መንግሥት ተለወጠ፣ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ አጁሉ ትኑር አትኑር የሚነግረኝ ጠፋ። ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ብሎ ሽማግሌውን ሁሉ ሲያስተምር እንኳን "እኔማ ድሮ ጨርሻለሁ!" ብዬ አመለጥኩ። ያቺ እልህ አልለቀቀችኝም።

ጽጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይሄን የጻፈችው ብዙ ቆይታ ነው።

"ማንበብ አለመቻልሽን ድሮ ጠርጥሬያለሁ" አለችኝ። "ግን አሪየት ረስታኝ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ሴትዮ ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ አሁንም ሳስባት ይከፋኛል። ጠብቃኝ ነበር?"

"ጠብቃሽ ነበር" አልኳት። "ከእናቷ ጋር። እኔ ነኝ።"

ወጣች። በረንዳ ላይ ቆይታ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ስልኩን አነሳችና "ቀጥዪ" አለች።

እና ልቀጥል። ጋምቤላ ያላችሁ፣ ኢታንግም ማታርም ያላችሁ፣ የአጁሉን ልጅ አሪየትን የምታውቁ ሰዎች ንገሯት ልል ነበር። ጽጌ እንቢ አለች።

"ይሄን እኔ አልጽፈውም። አጁሉ በገዛ እጇ ነው የጻፈችልሽ። አንቺም በገዛ እጅሽ ጻፊላት። አሳይሻለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"በዚህ ዕድሜሽ። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።"

ስሙ! ለኔ ነው እንዲህ የምትለው!

ተቀመጥኩ። ስልኩን እጄ ላይ አደረገችው፤ ይሄን አሁን በራሷ ስልክ የምትተይብልኝ የጽጌ ልጅ ናት። ፊደሉ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። ጽጌ ከጎኔ ናት፣ ልትነግረኝ አልፈለገችም፣ ራስሽ ፈልጊው ትላለች። የአጁሉን ስም ነው መጀመሪያ የምጽፈው።

እናንተዬ፣ እሷ ሳታይ በጆሮዬ ንገሩኝማ፤ "አ" የቷ ናት?